ምዕራፍ ስድስት፦ ሲጫኑት ይቆማል?

መቱ ውስጥ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ገብቶ የፖሊሽ ማሽን የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ቁጥር ዋት ነው። ሻጩ ካርቶኑን ከላይኛው መደርደሪያ ያወርዳል፣ አቧራውን በእጅጌው ይጠርጋል፣ ከዚያ «ይሄ አውሬ ነው፤ 1,400 ዋት» ይላል። ገዢውም አንገቱን ይነቀንቃል። ለግራይንደር፣ ለውኃ ፓምፕ፣ ለወፍጮ ሞተር ስንጠይቀው የኖርነው ጥያቄ ስለሆነ ማንንም አይገርምም። ጉልበት ያለው ዕቃ ጥሩ ዕቃ ነው፤ አለቀ።

ፖሊሽ ማሽን ላይ ግን ይህ ልማድ ያሳስታል። ጀማሪ ሱቅ ገብቶ መጠየቅ ያለበት «ስጫነው ይቆማል?» ብሎ ነው። ሻጩ ግር ሊለው ይችላል። «የሚቆም ማሽን ደግሞ ምን ያደርግልሃል?» ብሎ የሚስቅም አይጠፋም። ይህ ምዕራፍ ለዚያ ሳቅ መልስ ነው።

ከማሽኑ በፊት ግን ማሽኑ የሚያርፍበትን ነገር እንይ።

ኢሉባቦር መኪናን ስታጥብም ስታቆሽሽም ትከርማለች። ጎሬ ላይ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርዳል፤ የአዲስ አበባን እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። በጋ ሲገባ ደግሞ ያው ጭቃ አቧራ ሆኖ ይመለሳል። አፈሩ ቀይ ነው፤ ቅላቱም ከብረት ዝገት የመጣ ነው። ያንኑ የብረት ዝገት አጥርተው እንደ ዱቄት ሲያልሙት፣ ወርቅ ሠሪዎች ወርቅ የሚያብለጨልጩበት፣ መነጽር ሠሪዎችም መስታወት የሚያለሰልሱበት ቀይ ዱቄት ይሆናል። ታዲያ የመቱ ጭቃ መኪናችንን ለምን አያብለጨልጭልንም? ከዝገቱ ጋር የአሸዋ ቅንጣት ስላለበት ነው። አሸዋ ከዝገት ይጠነክራል፣ ቅንጣቱም ከዱቄቱ ብዙ እጥፍ ይገዝፋል። መቧጨርና ማብለጭለጭ፣ ነገሩን ከሥሩ ካየነው፣ አንድ ዓይነት ሥራ ናቸው፤ ሁለቱም መፋቅ ነው። ፖሊሽ የምንለው ጭረቱ ከመድቀቁ የተነሣ ዐይናችን የማይለየውን ፍቀት ነው።

አሸዋውን መኪናው ላይ የሚያሸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ ሳይሆን ላቫጆው ነው። ልጁ በቅንነት «ጋሼ፣ ልወልውላት?» ይላል፤ እሺ ሲባል ቸርኬውን በጠረገበት ጨርቅ፣ ያችኑ ባልዲ ውስጥ ነክሮ፣ ኮፈኑን ክብ ክብ እያደረገ ያሸዋል። ልጁ ላይ አልፈርድም፤ እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበር የማጥበው። ውጤቱን ማየት የፈለገ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ መኪና ዝናብ ካባራ በኋላ ፀሐይ ላይ ያቁምና ኮፈኑ ላይ የወደቀችውን የፀሐይ ምስል ይመልከት። ምስሏን ከበው የተጠመጠሙ፣ እንደ ተበተነ ፀጉር የቀጠኑ ሺህ ጭረቶች ያያል። ፖሊሽ ማሽን የተሠራው እነሱን ለማንሣት ነው።

«ማንሣት» የሚለው ቃል ግን ይዋሻል። ጭረት ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓድ ደግሞ አይነሣም። የምናደርገው በዙሪያው ያለውን ቀለም እየፋቁ ጉድጓዱ ታች ድረስ መውረድ ነው። ስለዚህ ለመፋቅ ምን ያህል ቀለም እንዳለን ማወቅ ግድ ነው። ፋብሪካ የቀባው መኪና ከቆርቆሮው በላይ ያለው ሽፋን ጠቅላላ ውፍረት ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ግድም ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር 1,000 ማይክሮን መሆኑን ያስታውሱ። ከታች የዝገት መከላከያው፣ ከዚያ ፕራይመሩ፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከሁሉም በላይ ክሊር የሚባለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን አለ። የክሊሩ ድርሻ 40 ወይም 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ይቀጥናል። ከዚህ ላይ ቀለል ያለ ፖሊሽ አንድ ወይም ሁለት ማይክሮን ይወስዳል፣ ጠንካራ ኮምፓውንድ ደግሞ ከዚያ የበለጠ። ክሊር ውስጥ ያለው የፀሐይ መከላከያ ቅመምም የሚበዛው ወደ ላይኛው ክፍል ነው። ስለዚህ ሁሉንም ጭረት እስከ መጨረሻው ልጨርስ ማለት መኪናውን ለፀሐይ ገላልጦ መስጠት ነው።

አገራችን ውስጥ ይህ ሽፋን ውርስ ነው ብል አላጋነንኩም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በጣም ውድ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ቤት ያለችው ኮሮላ ወይም ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት ታገለግላለች ማለት ነው። ቀለሟን አንዴ ከጨረስንባት ቀጣዩ ጌታዋ ባትላሜራው ነው፤ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ኮምፕሬሰር። ድጋሚ የተቀባ መኪና ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። አንዱ ስፖርቴሎ ላይ ክሊሩ ወፍራም፣ ሌላው ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሊሆን ይችላል፤ ፓራፋንጎው ላይ ከቀለሙ ሥር ሦስት ሚሊ ሜትር ስቱኮ ተኝቶ ይገኛል። የቀለም ውፍረት መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው አንዲት ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ ገላውን ይዳስስ። ማግኔቷ ቀጥ ብላ ከምትይዝበት ወጥታ የምትንሸራተትበት ቦታ ሥር ስቱኮ አለ። ፕላስቲክ የሆነው ፓራውልት ላይ ግን አይሠራም፤ እዚያ ማግኔት ቀድሞውንም አይይዝም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልናገር፤ ብዙ ጀማሪ የሚደነግጥበት ነው። የቆዩ ነጭ ቶዮታዎች ብዙዎቹ ክሊር የላቸውም፤ ነጩ ቀለም ራሱ የመጨረሻው ሽፋን ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ማሽን ሲነካው ስፖንጁ ወተት ውስጥ የነከሩት ይመስላል። ያ የተለመደ ነው፣ ቀለሙ እየተፋቀ መሆኑን ብቻ ይናገራል። ከላዩ ክሊር ባለው ቀይ ወይም ሰማያዊ መኪና ላይ ስፖንጁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ግን ወዲያውኑ ማቆም ነው። ክሊሩ አልቋል።

አሁን ወደ ማሽኑ።

ስለ ማሽኖቹ ሳስብ ልጅ ሆኜ ቤታችን የነበሩ ሁለት ነገሮች ትዝ ይሉኛል፤ እንዝርትና ሰፌድ። እንዝርት አንድ ዘንግ ላይ ቆሞ ይሾራል፤ ከመሐሉ ንቅንቅ አይልም። ሰፌድ ግን ሲያንገዋልሉት እጅ ትንንሽ ክብ እየሠራ ጠቅላላውን ወዲህ ወዲያ ያዞረዋል። የፖሊሽ ማሽኖችም ከእነዚህ ከሁለቱ ይወለዳሉ። እንዝርቱ «ሮታሪ» ይባላል፦ ሞተሩ ሳህኑን ቀጥታ ይዞ ያሾረዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ600 እስከ 3,000 ጊዜ። ሁለተኛው «ዲኤ» የሚባለው ነው፦ ሞተሩ ሳህኑን እንደ ሰፌድ ያንገዋልለዋል፤ ሳህኑ ደግሞ ነጻ በሆነ ኩሽኔት ላይ ስለተቀመጠ፣ በማንገዋለሉ ግፊት ብቻ፣ ቀስ እያለ በራሱ ይዞራል። ማንም ጨብጦ አያዞረውም። ስለዚህ ጫን ሲሉት፣ ወይም ጠርዝ ላይ ሲወጣ፣ ወይም ሲያጋድል፣ መዞሩን ይተዋል። እየተንገዋለለ ይቀጥላል፤ መሾሩ ግን ይቆማል። ሻጩ የሳቀበት «መቆም» ይህ ነው።

ልዩነቱን በቁጥር ላሳይ። 180 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ የገጠመ ሮታሪ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲሾር የስፖንጁ ጠርዝ በሰዓት ወደ 68 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ከበደሌ ወደ መቱ የሚበር ሚኒባስ ማለት ነው። 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ እየሠራ በደቂቃ 4,500 ጊዜ የሚንገዋለል ዲኤ ግን የማንገዋለሉ ፍጥነት በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ቢደርስ ነው፤ ሦስት ሰው ጭኖ ዳገት የሚወጣ ባጃጅ። ሙቀት የሚመጣው ከዚህ ሩጫ ነው። ሮታሪ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢዘገይ ቀለሙን ያግለዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ይልጠዋል። ቡና ስንቆላ እጃችን ከቆመ ምጣዱ ላይ ያለው ፍሬ እንደሚያርረው ነው፤ ሮታሪ የያዘ እጅ እንደ ቡና ቆይ እጅ ሁልጊዜ መንቀሳቀስ አለበት። ቡና መቁላት በልጅነት ይለመዳል፤ ይህኛው ግን ሰው መኪና ላይ ነው የሚለመደው።

በግራይንደር ላይ ስፖንጅ ገጥመው የሚሠሩም አይቻለሁ። ተራ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ይሾራል፤ 125 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ ቢገጠምበት ጠርዙ በሰዓት 259 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ መጻፍ አያስፈልገኝም።

ሮታሪና ግራይንደር ግን ዘመዳሞች ናቸው። ባለከፍተኛ ፍጥነቱን የመጀመሪያ ግራይንደር እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣው ፍሌክስ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ነው፤ ጀርመኖች እስከ ዛሬ ግራይንደርን «ፍሌክስ» ብለው ይጠሩታል፣ መቁረጥንም ከስሙ ግስ አውጥተውለታል። ይኸው ፋብሪካ ዛሬ የታወቁ ፖሊሽ ማሽኖችም ይሠራል። ሰፊ ክብ የሚያንገዋልሉትን ዲኤዎች በዓለም ያስለመደው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1947 የተመሠረተው ሩፔስ የተባለ የጣሊያን ፋብሪካ ነው። ጣሊያን መሆኑን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ላቫጆ፣ ባትላሜራ፣ ስቱኮ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ስፖርቴሎ፤ የጋራዥ አማርኛችን ግማሹ ከዚያው አገር የመጣ ነው። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ ጊዜያዊው መንግሥት የተቀመጠባት፣ ጣሊያን እስኪገባባት ወራት የታገሠች ጎሬ እንኳ ዛሬ የመኪናዋን በር ስፖርቴሎ ነው የምትለው።

ሮታሪ ምን እንደሚያደርግ የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። አጎቴ ነጭ ዲኤክስ መኪና ነበረው። ከአንድ ሱቅ በጥሩ ዋጋ ያገኘሁትን ሮታሪ ይዤ፣ የሱፍ ክዳኑን ገጥሜ፣ ቁጥሩን ከፍ አድርጌ ኮፈኑ ላይ ዘመትኩ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ተአምር ነበሩ፤ የደበዘዘው ነጭ እንደ አዲስ ሳህን በራ። ከዚያ ወደ ፊተኛው ጠርዝ ደረስኩ፣ ኮፈኑ ወደ መብራቱ ወደሚታጠፍበት። ማንም ያልነገረኝ፣ ቀለም ገና ርጥብ ሳለ ከስለታም ጠርዝ ወደ ሜዳው ስለሚሸሽ ጠርዝ ላይ ያለው ሽፋን ከሁሉም ስስ መሆኑን ነው። ሱፉ ጠርዟን ነካ፣ ትንሽ ጭስ ሸተተኝ፣ ማሽኑን ሳነሣው ጣት የሚያህል ግራጫ ፕራይመር አፍጥጦ አየኝ። አጎቴ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየው። እጁን ኋላው አጣምሮ ቆየና «ይሄን ደግሞ ላም ላሰችው እንዴ?» አለ።

ባለሙያ በሮታሪ ድንቅ ይሠራል፤ ጥልቅ ጭረትን ከዲኤ ፈጥኖ ይጨርሳል። እኔም ዛሬ አልፎ አልፎ እይዘዋለሁ። የመጀመሪያ ማሽን እንዲሆን ግን ለማንም አልመክርም። በሁለቱ መካከል በጥርስ እያሾረ የሚያንገዋልል ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ ሲጫኑት አይቆምም። ጎበዝ ሠራተኛ ነው፣ ለሁለተኛ ማሽን ይቆይ።

ሱቅ ውስጥ እንዴት እንለይ? ካርቶኑን ማመን አይቻልም፤ ብዙው ላይ «ፖሊሸር» ከማለት በቀር ምንም የለም፣ ሻጩም «ሁሉንም ይሠራል» ይላል። ደግነቱ መለያው መብራት እንኳ አይፈልግም፤ መብራት በየቀኑ ለሚጠፋበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማሽኑን ይገልብጡና ሳህኑን በአንድ ጣት ይግፉት። ዲኤ ከሆነ ሞተሩን ሳያንቀሳቅስ በነጻ ይዞራል፤ የሳህኑ መሐልም ከማሽኑ መሐል ትንሽ ዘወር ያለ መሆኑ ይታያል፣ ከሥሩ ደግሞ ሚዛን የሚጠብቅ የብረት ቁራጭ አለ። ሮታሪ ከሆነ ሳህኑ ሞተሩን ይዞ ከብዶ ይዞራል፣ አንገቱ ላይም ዘንጉን የሚቆልፍ ቁልፍ አለው። መብራት ካለ ደግሞ ሳህኑ ጎን ላይ በማርከር አንድ መስመር ያስምሩ፤ ስፖንጅ ገጥመው፣ በዝቅተኛው ቁጥር፣ ካርቶኑ ላይ አስቀምጠው ያስነሡትና ጫን ይበሉ። መስመሩ ከቆመ ዲኤ ነው። ከእጅዎ ሊያመልጥ ከፈለገ ይመልሱለት።

መጠኑስ? አንዱን ብቻ ለሚገዛ ሰው 15 ሚሊ ሜትር የሚያንገዋልል፣ 125 ሚሊ ሜትር ሳህን ያለው ይበቃል። 21 ሚሊ ሜትሩ ላንድክሩዘር ጣሪያ ላይ ደስ ይላል፤ ቪትዝ ላይ ግን ሜዳ ፍለጋ ይንከራተታል። 8 ሚሊ ሜትሩ ፈጽሞ አያስቸግርም፣ ነገር ግን ቀርፋፋ ነው፤ ለትዕግሥተኛ ሰው በቂ ነው። የ125 ሳህን ሌላም ጥቅም አለው። መቱ ላይ ስፖንጅ እንደ ልብ አይገኝም፤ የሚያስፈልገው ሰው 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ካለው አዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ አካባቢ፣ በአውቶቡስ ያስልካል። ለዚህ መጠን የሚሆን ስፖንጅ የትም ስለሚሠራ የማሽኑ ስም ምንም ቢሆን ይገጥማል። የራሱን ልዩ ስፖንጅ ብቻ የሚቀበል ማሽን ግን ስፖንጁ ያለቀ ቀን ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ስፖንጅ ላይ ልቆይ፤ ገንዘብ መባከን ካለበት እዚህ ይባክን። ሰው ለተጨማሪ 300 ዋት ከፍሎ በአንድ ስፖንጅ መኪና ሙሉ ሊሠራ ይነሣል። ስፖንጅ እየሠራ የተፋቀውን ቀለምና ያለቀውን ኮምፓውንድ ይጠጣል፤ ከጠገበ በኋላ እንደ ረጠበ ጨርቅ ማሸት እንጂ መቁረጥ ያቅተዋል፣ ይሞቃል፣ ከሥሩ ያለው ቬልክሮም ቀልጦ ይላቀቃል። ለአንድ ኮሮላ አምስት ስድስት ስፖንጅ አይበዛም፤ ሁለት ጠንካራ፣ የቀሩት ለስላሳ። የሱፉን ክዳን ለጊዜው ሱቁ ውስጥ ይተዉት።

ኤሌክትሪኩ ሌላ ምዕራፍ በሆነ ነበር። እኛ ጋ 220 ቮልት ነው። ከሚኒሶታ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የሚመጣው ማሽን ግን ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ ቀጥታ ከሰኩት አንድ ጊዜ በኃይል ይጮኽና ያጨሳል። ማውረጃ ትራንስፎርመር መግዛት ይቻላል፤ ለዚያ ጉልበት የሚበቃው ግን ከማሽኑ በላይ ይከብዳል፣ ዋጋውም አያስደስትም። ስለዚህ «ምን ላምጣልህ?» ሲባሉ ስፖንጅና ኮምፓውንድ ይበሉ። እነሱ ቮልት አያውቁም። በጄነሬተር ለሚሠራ ሰው፣ 900 ዋት ለሚበላ ማሽን 2 ኪሎ ቮልት አምፒር ገደማ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ የአቅሙ ጫፍ ላይ ደርሶ የሚያንጎራጉር ጄነሬተር የማሽኑን ፍጥነት ያወዛውዘዋል።

ከሁሉም የማይረሳው ግን ይህ ነው። ብዙዎቹ ማሽኖች እጅ እንዳይደክም ማብሪያውን ተጭነው የሚቆልፉበት ጉጥ አላቸው። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ዝም ይላል፣ ባለቤቱም ኮፈኑ ላይ አስቀምጦት ቡና ሊጠጣ ይገባል። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑም አብሮ ይነሣል። ገመዱን እየጎተተ ቀለሙ ላይ የሚጨፍረውን ማሽን ለመያዝ የሚሮጥ ሰው ማየት የሚያስቀው መኪናው የሌላ ሰው ከሆነ ብቻ ነው። መብራት ከጠፋ መጀመሪያ ማብሪያ፣ ከዚያ ሶኬት፣ ከዚያ ቡና።

ስለ ርካሾቹም ጥቂት ልበል። ሰፋ ያለ ክብ ሆኖ በሁለት እጀታ የሚያዝ፣ አንዳንዱም ከመኪና ባትሪ የሚሠራ ማሽን አለ። እሱ ዋክስ ቀቢ ነው። ቅባት ያዳርሳል፣ ጭረት ግን አያወጣም፤ ጉልበቱ አይፈቅድለትም። ጉዳት ስለማያደርስ አልጠላውም፣ ስሙ ብቻ ያታልላል። ድሪል ላይ የሚገጠመው ትንሽ ስፖንጅ ደግሞ ለአንድ ሥራ ይረዳል፦ ቢጫ የሆነ የፊት መብራት። የመብራቱ ፕላስቲክ ላይ የነበረው የፀሐይ መከላከያ አልቆ ነው የሚገረጣው። ብዙ ሰው በጥርስ ሳሙና ያሸዋል፤ የጥርስ ሳሙናም ደቃቅ መፋቂያ ስላለው በእርግጥ ይጠራል፣ መከላከያው ግን ስላልተመለሰለት በጥቂት ወራት ተመልሶ ይገረጣል።

ናፍጣ ወይም ላምባ በነካው ጨርቅ የተወለወለ መኪናም እንዲሁ ያታልላል። ቅባቱ ጭረቶቹን ስለሚሞላቸው ለሁለት ቀን ያንጸባርቃል፤ አንዳንድ ርካሽ የፖሊሽ ቅባቶችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ኢሉባቦር ለዚህ ጥሩ መርማሪ አላት፤ አንድ የመቱ ዝናብ ከወረደ በኋላ ጭረቶቹ ከነቤተሰባቸው ይመለሳሉ።

ማሽኑ ከተገዛ በኋላ የመጀመሪያው መኪና የራስዎ አይሁን፤ የዘመድም አይሁን። ባትላሜራ ግቢ ጥግ ላይ ተጥሎ የከረመ ኮፈን አይጠፋም፤ በትንሽ ገንዘብ ይሰጡዎታል። በደንብ ያጥቡት፣ ፀሐይ በማይነካው ጥላ ሥር፣ ቢቻል ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ባለው ጊዜ ያድርጉት። ሃምሳ በሃምሳ ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ በወረቀት ፕላስተር ይከልሉ። ስፖንጁ ላይ አተር የሚያህሉ አራት አምስት ጠብታ ያኑሩ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ቀለሙ ላይ ያዳርሱት፣ ከዚያ በመካከለኛ ቁጥር አስነሥተው በሰከንድ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ይጓዙ። በጣም ቀርፋፋ ይመስላል፤ በትክክልም ቀርፋፋ ነው። አንዴ አግድም፣ አንዴ ቁልቁል፣ አምስት ስድስት ዙር። ሁልጊዜ ከለስላሳው ስፖንጅና ከቀላሉ ቅባት ይጀምሩ፤ ካልበቃ ይጨምራሉ፣ የተፋቀውን ግን መመለስ የለም። ዐይንዎ ማርከር ያሰመሩበት የሳህኑ ጎን ላይ ይሁን። መስመሩ እየዞረ ከሆነ ቀለሙ እየተቆረጠ ነው፤ ከቆመ እጅዎ ከብዷል ወይም ማሽኑ አጋድሏል። ማሽኑ ራሱ እያስተማረዎት ስለሆነ ሌላ መምህር ብዙም አያስፈልግም።

በዚያ ኮፈን ላይ አንድ ጥፋትም ሆን ብለው ይሥሩ። ጠርዙ ላይ ቆይተው ቀለሙ እስኪላጥ ይሞክሩ፤ በየመሐሉ በእጅዎ ጀርባ ሙቀቱን ይዳስሱ። በዲኤ ብዙ መታገል ይጠይቃል። ምን ያህል ሲሞቅ አደጋ እንደሆነ እጅ አንዴ ካወቀ አይረሳም።

ከዓመታት በኋላ የአጎቴን ዲኤክስ ለሁለተኛ ጊዜ ሠራኋት፤ በዚህኛው ማሽን፣ በዲኤ፣ ቤቱ በረንዳ ሥር፣ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ስፖንጁ እየነጣ ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። ሁለት ኪሎ ተኩል የምትመዝነው ማሽን ጣሪያው ላይ ስደርስ አሥር ኪሎ ሆናብኝ ነበር። ጣሪያው አለቀ፣ ስፖርቴሎዎቹ አለቁ፣ ኮፈኑ ላይ የማንጎው ዛፍ ቅጠል በቅጠል ይታይ ጀመር። የፊቱን ጠርዝ በፕላስተር ሸፍኜው ስለነበር አልነካሁትም፤ ያቺ ጣት የምታህል ግራጫ እዚያው ነበረች፣ ዳር ዳሯን ዝገት ጀምሯታል። ፕላስተሩን ላጥኩና ትንሽ ነጭ ቀለም በብሩሽ ልነካካት ስል አጎቴ ከበሩ ላይ ጠራኝ።

«እሷን ተዋት» አለኝ። «ላሟ ስትመጣ የት እንዳቆመች ትወቅ።»